የቀትር ጋኔንና የመምህርቷ ጥያቄ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ ከከተማው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይጓዝ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ምህረቱ ወርዶ አየና መለዋወጫውም አየር እንደሌለው ለተሳፋሪው ነገረ። ለባልደረባው ደውሎ ሌላ ጎማ ከከተማ እስኪመጣለት ድረስ ሰው ሁሉ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ባለ የድንጋይ ካብ ሥር ከነፋሱ ተጠለለ።

አቶ ወልደአረጋይ ከካቡ ጫፍ ተቀመጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ፣ ፊደል ቆጥረው ጸሎት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የሌላቸው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የልጃቸው ልጅ ሥርጉት አንገቷን ደፍታለች። ፍራሿና ብርድ ልብሷ ተጠቅልሎ ከመኪናው ጣራ ላይ ታስሯል።

ሥርጉት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማር ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ልክ በቀትር፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ወደቀች፤ ተንቀጠቀጠች፤ አረፋ ደፈቀች። በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛ መውደቋ ነው። አከራይዋ አንኮበር ደውላ «ልጅዎን ይውሰዱልኝ» አለች። አያትየውም መጡ። ከትምህርቷ አስወጥተው ወደ ቤት እየመለሷት ነው። ሥርጉት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከእነሱ ቀጥላ አንዲት ሴት ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሠናይት ትባላለች።

«ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው፤ ዝም ማለቱ ነውር መስሏቸው።

«እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነኝ አባቴ። ታሪክ ልሰበስብ።»

«የነገሥታቱን?»

«የለም፤ የነገሥታቱ ብዙ ሰብሳቢ አለው። እኔ የምፈልገው የሚያስፈራውን ነው። የቀትር ጋኔን፣ ጅብ የሚሆን ሰው፣ በሰው አፍ የሚናገር መንፈስ።»

አቶ ወልደአረጋይ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «ሥራሽስ?»

«አስተማሪ ነኝ። ፍልስፍና አስተምራለሁ።»

ምህረቱ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ ሳቀ። «ጋኔን መልቀም ደመወዝ ካለው እኔም መሪውን ልተወው!»

«መጀመሪያ አንተ ያለብህን ጋኔን ንፋው» አለችው ወደ ጎማው እያመለከተች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ወልደአረጋይ ግን አልሳቁም። «አትቀየሚኝ ልጄ። ፍልስፍና የሚባለው ሰውን ፈጣሪውን የሚያስክድ ትምህርት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እሱን የተማረ ሰው ጋኔን የለም ይላል። የለም ካልሽ ታሪኩ ምን ይሠራልሻል? ልትስቂብን ነው?»

«የለም አላልኩም።»

«እንግዲያ አለ ትያለሽ።»

«አላውቅም ነው የምለው አባቴ።»

ይህን አልጠበቁም ነበር። ከተማረ ሰው አፍ «አላውቅም» የሚል ቃል ሲወጣ የሰሙት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ወደ እሷ ትንሽ ዞሩ።

ሠናይት ቀጠለች። «እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ። ከልቤ ነው። ሰው ጅብ ሆነ ሲሉኝ፣ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምኑ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። መልኩ ነው? ልቡ ነው? በዚያች ሴት አፍ ሌላ መንፈስ ተናገረ ሲሉኝ፣ ታዲያ እኔ የሚለው ማን ነው እላለሁ። በዚያ ሰዓት ጥፋት ብትሠራ ተጠያቂው ማን ነው? ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱባቸው ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ተማሪዎቼን እዚያ ለማድረስ አንድ ወር ይፈጅብኛል። ታሪኩ ግን ጠጉራቸውን አቁሞ በአንድ ጊዜ ያደርሳቸዋል። የሚፈራ ሰው እኮ ከሚያየው በላይ አንድ ነገር እንዳለ የጠረጠረ ሰው ነው። የእኔም ትምህርት የሚጀምረው ከዚያው ጥርጣሬ ነው።»

«ከዚያው ከጀመረ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ታሪኩ ሲያልቅ ሰው ሮጦ ቤቱ ይገባል። እኔ ትንሽ ቆዩ፣ ያስፈራችሁን ነገር ደግማችሁ እዩት እላለሁ። ይኸው ነው።»

ሽማግሌው አሰቡበት። ነገሩ ከንቱ አልመሰላቸውም። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ፍርሃት የተሰጠን እንድንጠበቅበት ነው» አሉ። «ልጆቻችን በቀትር ወንዝ የማይወርዱት ስለሚፈሩ ነው። ቆማችሁ እዩት ብትያቸው ይጠፋሉ። ለዚህ የሚሆን ታሪክ አለኝ። በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ይንገሩኝ አባቴ።»

አቶ ወልደአረጋይ ይህን ታሪክ ሃምሳ አራት ዓመት ተናግረውታል። በሠርግም በሐዘንም ቤት ሲጠየቁ ይናገሩታል። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በካቡ ሥር የተጠለለው ሁሉ ጠጋ አለ።

«ግንቦት ነበር። አራት ጎረምሶች ስናርስ ቆይተን በሮቹን ውሃ ልናጠጣ ወረድን። ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ ጥላችን ከእግራችን ሥር ገብቷል። ወፍ አይጮህም። ፍሥሐ የሚባል ጓደኛችን፣ ከሁላችንም ብርቱው፣ ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ አለ። አንድ ነገር ከኋላው የጨበጠው ያህል ተንገዳግዶ በግንባሩ ውሃው ውስጥ ተደፋ። ሰውነቱ ይዘል ጀመር። በሮቹ ደንብረው ሸሹ። በቀትር ውሃ ዳር የተያዘ ሰው ጥላው እስኪዞር አይነካም፤ የነካው ይጋባበታል። ሦስታችን ቆመን እያየን ጋኔኑ ተጭኖ ያዘው። ጥላው ሲዞር ለቀቀው። ፍሥሐ ግን በሕይወት አልነበረም።»

ሽንኩርት ጭነው ወደ ገበያ ይሄዱ የነበሩ አንዲት ሴት አማተቡ። ምህረቱ እንኳ ቀልዱን ረሳ። የሠናይት እጅ ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል።

«ግሩም ታሪክ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ውሃው ጥልቀቱ ምን ያህል ነበር?»

ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ውሃው በዓይናቸው መጣ። ከሥሩ ያለው ጠጠር ሁሉ ይታይ ነበር።

«ቁርጭምጭሚት አይሞላም» አሉ።

«እርስዎስ ከፍሥሐ ምን ያህል ይርቁ ነበር?»

«ከዚህ... እስከዚያ ጎማ።»

ጎማው ስድስት እርምጃ ያህል ነው። ሥርጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አያቷን አየች።

«ገደላችሁት ልትይኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተለወጠ።

«አላልኩም አባቴ። ጎረምሳ ነበሩ፤ የተነገረዎትን አመኑ። እኔም በቦታው ብሆን እቆም ነበር።»

«እንግዲያ ለምን ትጠይቂያለሽ!»

ሠናይት ይቅርታ ጠየቀችና ተነሥታ በመንገዱ ወደ ላይ ሄደች። የሽማግሌ ቁጣ ብቻውን ቢተዉት እንደሚበርድ ታውቃለች። አቶ ወልደአረጋይ ግን ቁጣ አልነበረም የያዛቸው። ፍሥሐ ውሃው ውስጥ እጁን ሁለት ጊዜ እንዳነሣ ትዝ ብሏቸው ነበር። ታሪኩን ሲናገሩ ይህችን ነገር አንድም ቀን ጨምረዋት አያውቁም።

ሥርጉት ተነሣች። አምስት እርምጃ ያህል ተራመደችና ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ግራ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ድምፅ አሰማችና ድንጋዩ ላይ ወደቀች።

«አትንኳት!» ሲሉ ጮኹ ባለሽንኩርቷ። «ክብሪት! ክብሪት ጭራችሁ አስሸትቷት!» ተሳፋሪው ወደ ኋላ ሸሸ። ምህረቱ ክብሪት ፍለጋ ወደ መኪናው ሮጠ።

አቶ ወልደአረጋይም ብድግ አሉ፤ እግራቸው ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ከሥርጉት ስድስት እርምጃ ይርቃሉ። ሥርጉት ራሷን በድንጋዩ ትመታለች።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ወደ እሷ ሄዱ። ተንበረከኩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሷ ሥር አደረጉና ራሷን በሁለት እጃቸው ያዙት። የሚጋባው ነገር እስኪመጣባቸው ጠበቁ። ከጉልበታቸው ሕመም በቀር የመጣ ነገር የለም።

ሠናይት እየሮጠች ደረሰች። «ደግ አደረጉ አባቴ። አጥብቀው አይያዟት፤ ራሷ እንዳይመታ ብቻ። ክብሪቱ ይቅር፤ አፏ ውስጥም ምንም አይገባም። አሁን በጎኗ እናድርጋት፤ አረፋው እንዳያንቃት።» ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ይመልከቷት። ምኗ እንደሚንቀጠቀጥ በልብዎ ይያዙልኝ።»

ተመለከቱ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየና መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ሄደ። ሥርጉት ጥቂት አንቀላፍታ ዓይኗን ገለጠች። የአያቷን እጅ ጉንጯ ላይ አየችው።

«አባባ፣ ነኩኝ?»

«ነካሁሽ።»

«አይፈሩም?»

«እፈራለሁ» አሉ።

ልጅቷ አለቀሰች። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ወድቃ ስትነቃ ሰው ሁሉ ርቆ ክብ ሠርቶ ቆሞ ነበር ያገኘችው።

ሥርጉት እንደገና እንቅልፍ ሲወስዳት ሽማግሌው ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ሃምሳ አራት ዓመት ስናገረው የውሃውን ልክ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አንቺ በአንድ ቃል አፈረስሽው።»

«አላፈረስኩትም አባቴ። ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ይረሱት ነበር። የሚያስፈራ ስለሆነ ውሃውም ርቀቱም አልጠፋብዎትም። ጥያቄው በታሪኩ ሆድ ውስጥ ነበር፤ እኔ አላስቀመጥኩትም።»

«ጋኔን መኖሩንስ?»

«አሁንም አላውቅም። ፍሥሐ ግን ትንፋሽ አጥቶ እንደሞተ አውቃለሁ። በማላውቀው ነገር የተነሣ የማውቀውን አልተውም። ሥርጉት ያለባት የሚጥል በሽታ ይመስለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ይያት። መድኃኒት አለው። ጸሎቱንም ጠበሉንም አይተዉ፤ ኪኒኑን ብቻ እንዳያስተጓጉሉ።»

የአቶ ወልደአረጋይ ልብ ያችን መምህርት አከበረ። ከእሳቸው በልጣ መገኘቷ አልነበረም ደስ ያሰኛቸው። ባስፈራት ታሪክ ፊት ሳትስቅና ሳትሸሽ መቆየቷ ነው። በዕድሜያቸው ብዙ ደፋር አይተዋል፤ አብዛኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚገቡ ነበሩ።

ጎማውን የጫነው መኪና ደረሰ። ጎማው ተገጠመና ምህረቱ «ግቡ!» ብሎ ተጣራ። አቶ ወልደአረጋይ ወደ ጣራው አመለከቱ።

«ያን ፍራሽ አውርድልኝ።»

«አባባ፣ አንኮበር ገና ነው እኮ!»

«ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። አውርድ። ጎማ ያመጣው መኪና ባዶውን ይመለሳል፤ እኛም በሱ እንመለሳለን።»

«እሺ፤ መምህርቷ ግን ሁለት መንገደኛ አሳጣችኝ» እያለ ምህረቱ አወረደላቸው። ሠናይት የስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ለሥርጉት ሰጠቻትና ወደ ጎረቤላ ሄደች።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪሙ ብዙ ጠየቀ። መንቀጥቀጡ ከየትኛው እጅ ጀመረ? ዓይኗ ክፍት ነበር ወይስ የተዘጋ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሽማግሌው ሁሉንም መለሱ፤ ከግራ እጇ፣ ክፍት ነበር፣ ሁለት ደቂቃ።

«ከቀደሙት ሦስቱስ?» አለ ሐኪሙ።

«የሚነግርህ ሰው የለም። ሁሉም ሸሽቷል።»

ሐኪሙ ከእሳቸው ቃል ብዙውን ጻፈ። ኪኒን ተሰጣት፤ ማታ ማታ ሳይቋረጥ የሚወሰድ።

ከዚህ ነገር የተገኘውን ጥቅም አንባቢ ይመዝነው። ሥርጉት ሌላ አከራይ አግኝታ ትምህርቷን ቀጠለች። በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ትወድቅ የነበረችው በስድስት ወር አንዴ ብቻ ወደቀች። አቶ ወልደአረጋይ የቀትሩን ታሪክ ዛሬም ይናገራሉ፤ እንደ ዱሮው ያስፈራል። አሁን ግን የውሃውን ልክና የፍሥሐን እጅ ጨምረው፣ ቆመው ካዩት አንዱ እሳቸው መሆናቸውን ተናግረው ይጨርሳሉ። ይህን ከሰሙ በኋላ በሰፈሩ ሁለት ቤተሰቦች እጓዳ ደብቀዋቸው የኖሩ ልጆቻቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። ጥያቄ የሌለበት ፍርሃት ሰውን ስድስት እርምጃ ርቆ እንዲቆም አድርጎታል። ፍርሃት የሌለበት ጥያቄም ቢሆን አንድን ሽማግሌ ከተቀመጠበት ባላስነሣው ነበር።

ሥርጉት ዳግመኛ የወደቀችው በታኅሣሥ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድማ ለጓደኞቿ ነግራቸዋለች። ሁለት ልጆች ራሷን ይዘው በጎኗ አስተኟት፤ አንዷ ሰዓት ያዘች። የሸሸ አልነበረም። ስትነቃ አፏን በሻርፕ ጠርገው፣ ከወንበሯ አስቀምጠው፣ ያመለጣት የተጻፈበትን ደብተር አቀበሏት። መምህሩም ካቆመበት ቀጠለ።