ፍሬኑ ይዟል

የተከበሩ መጋቢያችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ወንድማችንን እንድሪያስን ለመሸኘት የመጣችሁ ሁሉ፣ ጌታ ያክብራችሁ። የጁባ ጎረቤቶቻችን፣ ሹክራን፣ እናመሰግናለን። እኔ ማናህሎሽ ነኝ፤ ሃይ ማላካል ሰፈር ዳቦና ኬክ የምጋግረው። መጋቢ «አጠር አድርጊው፣ ለስለስ አድርጊው» ብለውኛል። አጠር አደርገዋለሁ። ማለስለሱን ግን አልችልም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ለምን ተናደድሽ ትሉኝ ይሆናል። ካረፈበት ቀን ጀምሮ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወሬ ይዞራል። «እንድሪያስን የገደለው የገዛ እጁ ነው። ጋራዥ አልሄድም እያለ፣ ሚኒባሱን ራሱ እየፈታ ራሱ እየገጠመ፣ ፍሬን በጠሰበት» ይባላል። ወሬው ባለቤቱ ሔርሜላ ጆሮ ገብቷል። ባሏን ማጣቷ ሳይበቃት፣ ባልሽ ሰው ሊፈጅ ነበር እየተባለች ነው። ትናንት ደግሞ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ አለባቸው፣ «የቅዳሜው የመኪና ጥገና ትምህርት ይቅር። መኪናዋም ትሸጥ፤ ገፊ ናት» አሉ።

ገፊ! በጌታ የምናምን ሰዎች በገፊ ማመን የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?

እንግዲህ አፈር ሳይለብስ ልናገር። ፍሬኑ ይዟል። በደንብ ስሙኝ፤ ፍሬኑ ይዟል!

እንድሪያስን ያወቅሁት መኪናዬ ጥቁር ጭስ እየተፋች ዳገት አልወጣ ስትለኝ ነው። ቅዳሜ ነበር። እንደ ልማዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ኒም ዛፏ ስር፣ ኮፈን ከፍቶ ሰው ያስተምራል። «ሥራልኝ» አልኩት። «አልሠራልሽም። እጅሽ የት ሄደ?» አለኝ።

«እጄ ሊጥ ነው የሚያቦካው!»

«ሊጥ የሚያቦካ እጅ ዲፕራተር ማውለቅ ያቅተዋል?»

ሰደብኩት። እውነቴን ነው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሰደብኩት። እሱ ካቻቪቴውን አቀብሎኝ ዘወር አለ። ዲፕራተሩን፣ ማለትም አየር ማጣሪያውን፣ አወጣሁት። የጁባ አቧራ! ጎመን ቢዘራበት ይበቅል ነበር። ቀሚሴ ቀልቶ፣ ፀጉሬ ቀልቶ፣ አራግፌ መልሼ ገጠምኩት። መኪናዋ ስትነሳ ጭሱ የለም። እልል አልኩ። እሱ ግን አልሳቀም። «ሞተር ዝም ብሎ አይሞትም፣ ማናህሎሽ። ዘይት ሲነፍጉት፣ ውሃ ሲነፍጉት፣ ቆሻሻ ነዳጅ ሲያጠጡት ነው የሚሞተው» አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የመኪናዬን ዘይት መለኪያ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ግትር ነበር? ነበር! ማን ይክዳል? ግትርነቱን ካላመናችሁ ረፊቅን ጠይቁት። ረፊቅ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር ናፍጣ በጀሪካን የሚሸጠው። ከኋላ ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። ቅረብ፣ አትፍራኝ።

ያኔ ነዳጅ ጠፍቷል፤ ማደያው ሁሉ ዝግ ነው። እኔና መዘምራኑ በእሱ ሚኒባስ ለሠርግ ቸኩለናል። እንድሪያስ ከረፊቅ ጀሪካን ናፍጣ ቀዳና ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ቁጭ! «ምን እየጠበቅን ነው?» ስንለው፣ «እስኪጠልል» ይለናል። መዘምራኑ ጮኹበት፤ «ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው እኮ!»

«ትጠብቅ! ሞተሩ ውሃ ከጠጣ በእግራችሁ ነው የምትመለሱት።»

ጠለለ። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከታች ተኛ። ረፊቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጤዛ ነው!» በጠራራ ፀሐይ! የረፊቅ ጓደኞች ከበቡን፤ አንዱ እጁን አንሥቶ ነበር። እንድሪያስ ግን ንቅንቅ አላለም። «ካላስ፣ በቃ፣ ጤዛህን ራስህ ጠጣው» ብሎት፣ ንጹሕ ናፍጣ ፍለጋ ከተማውን አዞረን። ሠርጉ ጋ ስንደርስ ሙሽሮቹ ቢላ ይዘው ቆመዋል። ለምን? ኬኩ እኔ ጭን ላይ ነበራ! ይኸው፣ ሔርሜላ እንኳ ሳቀች። ረፊቅ፣ ዛሬ ጠርሙሱን ራስህ ደርድረህ ለደንበኛህ ታሳያለህ። ስለመጣህ ጌታ ይባርክህ።

ግን አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። እንድሪያስ በራሱ እጅ ይሠራ ነበር እንጂ በራሱ እጅ አይመካም ነበር። የፍሬን ሸራ በቀየረ ቁጥር ወደ መካኒኩ ወደ ኦኬሎ ይሄዳል። «የገዛ ሥራዬ ጉድለት ለእኔ አይታየኝም፤ አንተ እየው» ይለዋል። ኦኬሎ፣ እዚህ አለህ። ባለፈው ሳምንት ፍሬኑን አይተሃል ወይስ አላየህም? ... ራሱን ነቀነቀ። አያችሁት? አይቶታል!

ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነ? አያክ ትንገራችሁ። ጋምቤላ ያደገችው የመዘምራኑ መሪ፣ አያክ ዴንግ፣ ከጎኑ ጋቢና ውስጥ ነበረች። ቶንፒንግ ሰፈር ዘምረው ሲመለሱ ነው። መንገዱ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክልና በነዳጅ ቦቴ ተጨናንቋል። «እየቀለደ ነበር፣ ቀልዱን በመሃል አቋረጠው» ትላለች አያክ። «ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁት። ደረቱን አንዴ ያዘና መልሶ እጁን መሪው ላይ አደረገ።»

ፍሬቻ አበራ። በሞትና በሕይወት መሃል ሆኖ፣ ወገኖቼ፣ ፍሬቻ አበራ! ዳር ያዘ። አቆመ። የእጅ ፍሬን ሳበ። ሞተር አጠፋ። «አያክ፣ ልጆቹን በቀኝ በር አስወርጂ፤ በግራ መኪና አለ» አላት። ከዚያ ግንባሩ መሪው ላይ ወደቀ።

ክላክሱ ጮኸ። ቦዳቦዳዎች ሮጡ። ሴቶች ሲጮኹ ሰሙ፣ «የሐበሻው መኪና ተጋጨ!» አሉ። ወሬው ሃይ ማላካል ሲደርስ ፍሬን በጥሶ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ልቡ ነው የከዳው! መኪናዋ ላይ ጭረት ያየ አለ? ካለ እጁን ያንሣ።

ዛሬ የገዛ መኪናው ግቢ ቀርታ፣ በኪራይ ፒካፕ አመጣነው። ፒካፑ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆሞብን ገፋነው። እናንተም በሐዘን ልብሳችሁ ገፍታችኋል። እንድሪያስ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሳቀብን ይመስለኛል።

ጋሽ አለባቸው፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ። ጁባ ስገባ ማረፊያ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ግን ይስሙኝ። ሔርሜላ መኪናዋን ልሽጥ ካለች መብቷ ነው፤ «ገፊ» ብለን ስም አውጥተን ግን አናሸጣትም። ቅዳሜም ትምህርቱ አለ። ግቢው ከተዘጋብን መንገድ ላይ ኮፈን እንከፍታለን። እኔ አለሁ፤ ኦኬሎ አለ። ሰው መኪናውን ማወቁ ኃጢአት ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት አቁሙን!

አሁን ልጨርስ። ሳጥኑን ሊያወርዱ ወንዶቹ ገመድ ይዘዋል። ወንድሞቼ፣ ይቅርታ፣ ገመዱን ልቀቁልን፤ እኛ ሴቶቹ እናውርደው። አያክ፣ ነይ። በዚያች መኪና ውስጥ የነበራችሁ እህቶቼ ሁላችሁ ወደ ፊት ኑ። አትፍሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ጋሽ አለባቸው... እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። አያችሁ፣ ገመዱን እሳቸው ራሳቸው ለአያክ አቀበሏት።

እንድሪያስ ወንድሜ፣ ስምህ ንጹሕ ነው። ለሔርሜላ እኛ አለንላት። ወደ ጌታህ ደስታ ግባ። እህቶቼ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀስ በሉ። አይዞህ፣ እንድሪያስ፤ ያለኸው ባተረፍካቸው እጆች ላይ ነው።