ከአስመራ የመጣው ሬዲዮ

«አይከል ዝናቡ እንዴት ከረመ፣ ስንዱ? የእኛንስ ተይው፤ የኮሶዬ ደጋ ብርድ ዘንድሮ ተጠቅልሎ ወርዶ ጎንደር ላይ ተኝቷል። በቅሎዋስ ደኅና ገባች? እሰይ... እንኪ፣ ከዳቦው ቁረሽ። የዚህ ቤት ዳቦ ሸጋ ነው። የዚህ ቤት ነገር ሁሉ ሸጋ ነው እቴ።»

ይመኙሽ ይህን ስትል ድምፅዋ ከወትሮው ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። የተቀመጡት በባላምባራስ ዳኛው አዳራሽ፣ ከሴቶቹ ወገን ነው። ዕለቱ የማርያም ማኅበር፣ ተራውም የባላምባራስ ነበርና ካህናቱ ከላይ በኩል ተደርድረዋል፤ ጠላው ይቀዳል። ከባላምባራስ ራስጌ፣ ጥልፍ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አንድ ሬዲዮ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ይናገራል ተብሎ የማኅበርተኛው ሁሉ ዐይን እዚያው ላይ ነው።

ስንዱ የይመኙሽ የአክስት ልጅ ናት። ከአይከል የገባችው ትናንት ስለሆነ የዚህን ሬዲዮ ታሪክ አታውቅም። ይመኙሽ ከጎኗ ያስቀመጠቻትም ለዚሁ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነገሩን ስለሚያውቅ እሷ ገና ስትጀምር አቀርቅሮ ጠላውን ይጠጣል፤ የማያውቅ ሰው ግን ዐይኑን አፍጥጦ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የይመኙሽ ባል ሐብተ ማርያም ቁም ጸሐፊ ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ዳዊት ሲጽፍ ይውላል። ከዚህ ሌላ አንዲት ደስታ ነበረችው። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢሆነውም ጥሎት የሄደው ብረት ገና አላለቀም ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከቁርጥራጭ ሻጮች ፊት ቁጢጥ ይላል። አንድ ብሎን፣ አንድ የሰዓት ሞላ፣ እጀታ የሌለው ካቻቢቴ ያገኘ እንደሆነ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ እየሮጠ ይመጣል። ከዚያ የተነሣ ቤታቸው ከቤንዚን ቆርቆሮ የተሠራ ሸጋ ፋኖስ ነበረው፤ ደስ ባለው ጊዜ ብቻ የሚጮህ የጠረጴዛ ሰዓትም ነበረው፤ አንዴ የንስሐ አባታቸው ሲባርኩ ጮኾ አስደንግጧቸዋል። ይመኙሽ መጀመሪያ ታጉረመርም ነበር። በኋላ ግን ባልዋ ቅዳሜ ሲመለስ ገና ከደጅ ሆኖ «ነይ እስቲ እዪ» የሚላትን ድምፅ ቁጭ ብላ መጠበቅ ለመደች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ሐብተ ማርያም በአዘዞ መንገድ ዳር ከተከመረ ውድቅዳቂ ውስጥ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ አገኘ። ሳጥን የለው፣ ድምፅ የለው፣ ከመስታወት አምፖሎቹም ሁለቱ ተሰብረዋል። ታቅፎት ሲመጣ ጎረቤቱ ባላምባራስ ከደጃቸው ቆመው አዩትና የጣሊያን አጥንት ለቃሚ ብለው ሳቁበት። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሐብተ ማርያምም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ለፋበት። አንዱን አምፖል ከጋራዥ፣ ሌላውን ከአንድ ሹፌር ለምኖ አገኘ። ሳጥኑን ከጥይት ሳጥን ሠራው፤ ፊቱን በይመኙሽ አሮጌ አበባ ቀሚስ አለበሰው፤ መዘውሩን ከበሬ ቀንድ ቀረጸው። ከአሮጌ የማኪና ባትሪ ጋር ባገናኘው ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥኑ ተንፈቅፍቆ ተንፈቅፍቆ አማርኛ ተናገረ። ይመኙሽ ደንግጣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ሰው የመጣ መስሏት። ሐብተ ማርያም ግን መሬት ላይ ተቀምጦ እንባውን በእጁ መዳፍ ይጠርግ ነበር።

ባልና ሚስቱ ወሬው ከአጥር ያለፈ ሳይመስላቸው ባላምባራስ ራሳቸው መጡ። የእጁን ጥበብ አመሰገኑ፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለሠርጉ ሦስት ቀን እንዲያውሳቸው ጠየቁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ማን እንቢ ይላል? ሦስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። በዚያ መካከል ባላምባራስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሬዲዮውን ከአስመራ እንዳስመጡት ያወሩ ጀመር። ሐብተ ማርያም ሊጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠላ ጠጥቶ፣ ስለ አየሩ ተጫውቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ መውረድ ተወ። ካቻቢቴውን ከብርዕ ማስቀመጫው ሥር አስገብቶ ሁለተኛ አላወጣውም። ይመኙሽን ከሬዲዮው መሄድ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነበር። ከአራት ወር ወዲህ «ነይ እስቲ እዪ» ያላት የለም።

አሁን ዳቦዋን ቆረስ አድርጋ ወደ ስንዱ ዘወር አለች።

«ያን ሬዲዮ አየሽው? እዪው፣ አይነክስም... ከአስመራ ነው የመጣው። እንዴት መጣ ያልሽ እንደሆን፣ ጥበቡ እሱ ላይ ነው። እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን ተይው፣ ስም ምን ያደርጋል። እንዴት ያለ ብልህ መሰለሽ። ሌላው ሰው አስመራ ለመድረስ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ዛሪማ ላይ በሐሩር ይቀቀላል፤ ተከዜን ይሻገራል። እሱ ግን ከመደቡ ሳይነሣ፣ ባጥር በኩል እጁን ዘርጋ ቢያደርግ... አስመራ ደረሰ። ለካ አስመራ እንዲህ ቅርብ ኖራለች? እኛ ሞኞቹ ሩቅ ናት ስንል።»

ስንዱ ሬዲዮውንም ባላምባራስንም ተራ በተራ አየች። ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለሴቶቹ ጠላ እንዲጨመር አዘዙ። ይመኙሽ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አመስግና ተቀበለች።

«ደግነቱንስ ብነግርሽ? የድሀ ጎረቤቱ ቤት በዕቃ ሲጣበብ አንጀቱ አይችልም። እስቲ ሦስት ቀን ልሸከምልህ ይላል። ይኸው ሰባት ወሩ፣ አንድ ቀን ደከመኝ ሳይል ተሸክሞለታል። ወንድም ይህን ያደርጋል? አያደርግም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያሉ ውሃን ያሙታል... ውሃ ምን በደለ እቴ? ውሃ የወሰደውን ግንድ መቼ እኔ ወለድኩት ብሎ ያውቃል?»

ከጎናቸው የነበረችው ትርንጎ ጠላው ትን አላት። ይመኙሽ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ቀጠለች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉትን ደግሞ እንዳታምኚ። ሲያደምቅ በዐይኔ አይቻለሁ። ጨርቁ እንዴት እንደሚያምር ተመልከቺልኝ፣ ፊቱ ላይ ያለውን፣ አበባ አበባውን። እኔም እንዲህ ያለ ቀሚስ ነበረኝ፣ በልጅነቴ። ያው አርጅቶ... ማን ያውቃል፣ አስመራም እንደኔ ቀሚሷ አርጅቶ ይሆናላ። ዐዋቂነቱን ነው የማደንቀው የዚያን ሰው። ዕቃው ከጉድፍ ውስጥ ሲወጣ አጥንት ነው ብሎ ስቆ ነበር። አጥንቱ ሥጋ ለብሶ ሲናገር ግን ከሁሉ ፊት ዘመዴ ነው አለ። እንዲህ ነው እንጂ ትሑት፤ ተሳስቼ ነበር ለማለት አፍ አላስፈለገውም፣ እጁ ብቻ በቃው።»

ይመኙሽ ወደ ወንዶቹ አሻግራ አየች። ባልዋ ከወንዶቹ ጫፍ፣ ከምሰሶው ሥር አቀርቅሮ ተቀምጧል። እንዲሰማ ትፈልጋለች፤ እንዳይሰማም ትፈልጋለች። ሲያፍር ዐይኑ የሚሄድበትን ታውቃለች፤ ወደ እጁ ነው። አሁንም እጁን ያይ ነበር።

በዚህ መካከል ስምንት ሰዓት ሆነ። ባላምባራስ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡና የቀንዱን መዘውር አዞሩት። ሬዲዮው ዝም አለ። እንደገና አዞሩት። ቀኝ፣ ግራ። አናቱን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ካህናቱ በትዕግሥት ጠበቁ፤ በባላምባራስ ግንባር ላይ ላብ ታየ።

«ምነው ዝም አለ?» አለች ይመኙሽ ለስንዱ፣ በለሆሳስ፣ ግን ለሁሉ በሚሰማ ለሆሳስ። «የአገሩ ናፍቆት ይሆን? አይፈረድበትም፣ ባዕድ ቤት እኮ ነው... ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ካለ ሰው ቤት ግን ስንት ነገር ይወጣል መሰለሽ።»

በልቧ፣ ዝም ይበል፣ እስከ ማታ ዝም ይበል ትል ነበር። የሰውየው ላብ ይንጠባጠብ፤ ሁሉም ይየው። ወዲያው ግን ከምሰሶው ሥር ሐብተ ማርያም ሲነሣ አየች። በዐይኗ ተቀመጥ አለችው። አላያትም። የሚያየው ሬዲዮውን ብቻ ነበር፤ ልጇ ሲያለቅስ የሰማች እናት እንደምትነሣ ነው የተነሣው። ካህናቱን ይቅርታ ጠይቆ በመካከላቸው አለፈና፣ ሳይፈልግ ሳይዳብስ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን መዝጊያ በአንድ ጣቱ ከፈታት። ብርዕ የሚቀርጽበትን ካራ ከወገቡ አውጥቶ የባትሪውን ራስ የወረሰውን አረንጓዴ ዝገት ፋቀ፤ ሽቦውን ጠምዝዞ አጠበቀ። ሬዲዮው ተንፈቀፈቀና የሰው ድምፅ በአዳራሹ ሞላ።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አይሹም፣ ወይም የማይሹ ይመስላሉ። የአስመራን ዕቃ አንጀት እንዲህ በጨለማ የሚያውቀው በየት ተምሮ እንደሆነ ጠየቁት። ሐብተ ማርያም ያን ጊዜ የት እንዳለ ረሳ። ሰባት ወር ታፍኖ የነበረ ደስታው ፈነቀለውና ሁሉንም ተረከው፤ የአዘዞውን ክምር፣ አምፖሉን የሰጠውን ሹፌር፣ የጥይቱን ሳጥን፣ ቀሚሱን ከሚስቱ ሳጥን እንዴት ሰርቆ እንደቀደደው። ቂም የለበት፣ አሽሙር የለበት። እንዲያውም አንዷ አምፖል ስትሞቅ ቀይ ሆና እንደምትበራ ባላምባራስን ራሳቸውን በክንዳቸው ስቦ አጎንብሰው እንዲያዩ አደረጋቸው። ባላምባራስ አጎነበሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ከአምፖሏ ይቀላ ነበር።

ይመኙሽ እቅዷ ሁሉ ፈረሰባት። ሰባት ወር ስትስለው የከረመችው ምላሷ በሰው ፊት ጫር ብቻ ያደረገውን ነገር ባልዋ ሳያውቀው በአንድ እስትንፋስ ቆርጦ ጨረሰው። ብትናደድም ፊቱን ስታይ ንዴቷ አልያዝ አላት። እጁ ዝገት ለብሷል፤ ይስቃል።

ባላምባራስ ካባቸውን አስተካክለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ ዕቃው ለጥቂት ቀን ሐብተ ማርያም ቤት ቢሰነብት ይሻላል፣ ደኅና አድርጎ እንዲያየው፣ አሉ። ካህናቱ መልካም አሉ። ስንት ቀን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ከዚያም በኋላ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሐብተ ማርያም ሬዲዮውን በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቀፈው፤ ለስንዱም ስለ ሽቦ ማስረዳቱን ገና ከደጃፉ ጀመረ።

ይመኙሽ ወደ ኋላ ቀረች። ነጠላዋን አስተካክላ ከባላምባራስ ፊት ደረሰችና፣ ለትልቅ ሰው እንደሚገባው ወገቧን ሰብራ እጅ ነሣች። ድምፅዋ ማር ነበር።

«ጌታው፣ ጠገብን፣ ረካን፤ ማርያም ታክብርልን። ቤትዎን ያሙቅልዎ። ዕድሜ ከጤና ያድልዎ። እንግዲህ እኛ ድሆች ምን ውለታ እንመልሳለን... እሱ የላይኛው፣ አንዳች ሳያጎድል፣ እንደ እጅዎ ሥራ ይክፈልዎ።»

ባላምባራስ ልማድ ሆኖባቸው፣ ከማኅበርተኛው ሁሉ ቀድመው፣ «አሜን» አሉ።