ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጓዳ የጠፋው ጨው

የምስክሩ ስም፦ ጓንጉል ወልደ ሐዋርያት
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ከአራተኛ ክፍል የተባረረ (ምስክሩ «ያቋረጠ ተብሎ ይጻፍልኝ» ብሏል)
አድራሻ፦ ሰቆጣ፣ ከገበያው በላይ
ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ደሞዝ ተስፋው

እኔ የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጎረቤት ነኝ። የቤት ሠራተኛቸው ይታየሽ ደብሬ ዘጠኝ አሞሌ ጨው ሰርቃለች ተብላ ከታሰረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የጓዳው ቁልፍ በእጇ ስለነበረና በሩ ስላልተሰበረ ሌላ የተጠረጠረ የለም። ጨዉ በየት እንደወጣ ስለማውቅ ሳልጠራ መጥቻለሁ።

ነሐሴ 9 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ከባድ ዝናብ ሲጥል በግቢያቸው ጥግ የሚያልፈውን ቦይ በጭቃና በሣር ደፈንኩት። ምክንያቱን ስጠየቅ፣ ወይዘሮ ደጃቸው ላይ ያኖሩት አዲስ ኮንጎ ጫማ ሲንሳፈፍ ለማየት ነው። ጫማው አልተንሳፈፈም። ውሃው ዞሮ በጓዳው ግድግዳ ሥር ገባ። አሞሌ መሬት ላይ ተደርድሮ እንደነበር አላወቅሁም። ሲያባራ ቦዩን ከፍቼ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ጓዳ ቢገቡ የታችኛው ድርድር፣ ዘጠኙ አሞሌ፣ የለም። ወለሉ እርጥብ ነበር ቢባል፣ በነሐሴ የማን ወለል ደርቆ ያውቃል?

ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ከብቶች ከግጦሽ ሲመለሱ ያንኑ ግድግዳ ከውጭ ሲልሱ አየሁ። አንዱ ወይፈን ተንበርክኮ ነበር። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ይታየሽ ትዝ ስትለኝ ሳቄ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ከጓዳው ወለል አንድ ቁና አፈር ፍቄ ወደ ጣቢያው ስመጣ ወይዘሮ እያማተቡ ተከተሉኝ። አፈሩን በውሃ በጥብጬ፣ በነጠላ አጥልዬ፣ የጠራውን ውሃ በጣሳ ልጥድ ስል አሥር አለቃ «ጨዉ አለ ወይስ የለም? አንዱን ተናገርና ልጻፍ» አሉኝ። «አለ፣ ግን አይታይም» አልኩ። «እንደ ሰይጣን?» ሲሉኝ «ሰይጣንስ ቢፈላ ጣሳ ላይ አይቀርም» ብዬ መለስኩ።

እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እሳቱ እምቢ ስላለኝ አግዳሚው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አግኝቼ ለኮስኩበት። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ከጣሳው ሥር ጭብጥ የሚሞላ ነጭ ጨው ተገኘ። ወይዘሮ ቀምሰው «የኔው ነው!» አሉ። «እትዬ፣ የጨው ሁሉ ጣዕም እኮ አንድ ነው» ብላቸው «አንተ መዓት፣ የጓዳዬን ጨው አጣዋለሁ?» አሉኝ።

የተቃጠለው ወረቀት የወይዘሮ አቤቱታ መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። አሥር አለቃ «ጨዉን እንደመለስክ አቤቱታውንም መልስ» አሉኝ። አመዱን በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ እንደዚያው አፈላሁት። የቀረልኝ ግራጫ ዝቃጭ ነው። ፊደል አልታየበትም። መምህራችን ጨው ከውሃ ገብቶ ቢሟሟ ያው ጨው ነው ብለውናል፤ ስለ እሳት ባስተማሩበት ሳምንት ግን ተባርሬ ነበር። ዓይኔ ያጣው ጨው ተመልሶ፣ በእጄ የያዝኩት ወረቀት የማይመለስበትን ምክንያት እስካሁን አልተረዳሁትም።

አሥር አለቃ ለወይዘሮ ባዶ ወረቀት አቅርበው «አቤቱታዎን እንደገና ያጽፉ» አሏቸው። ወይዘሮ ወረቀቱን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፣ ይታየሽ ወዳለችበት ክፍል ዞሩ። በመጨረሻም «በማን ላይ ላጽፍ?» አሉ።

እጄን አወጣሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንኳ ሳልጠየቅ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ከላይ የተጻፈው ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የሳቅሁበትም ቦታ ሳይቀር እውነት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጓንጉል ወ/ሐዋርያት
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ አሥር አለቃ ደሞዝ ተስፋው

ማስታወሻ፦ ይታየሽ ደብሬ በዚሁ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት ተለቃለች። በጣሳ ያለው ጨው በማስረጃነት ተይዟል፤ ዝናብ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ምስክሩ ለጊዜው በእሷ ቦታ ገብቷል።