አንደኛው ቁጥር አባል ሲሞት

(ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በዘርይሁን ግቢ፣ ከዶሮ ቤትነት ወደ «ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ማዕከል» ባደገች ጠባብ ክፍል ውስጥ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጠዋት በእድሩ የስልክ መልእክት ሞታቸው የተነገረው ጋሽ ውብሸት በሩን በከዘራ በርግደው ገብተዋል።)

ጋሽ ውብሸት፦ አንሣኝ! አሁኑኑ፣ እዚሁ ቆሜ እያየሁ ከሞት አንሣኝ!

ዘርይሁን፦ ጋሽ ውብሸት፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ…

ጋሽ ውብሸት፦ የሞተ ሰው ቁጭ አይልም፤ ይጋደማል! ጠዋት በሦስት ሰዓት «አርፈዋል» ብለህ፣ ቀብሬን ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥረህ፣ አሁን ቁጭ በል ትለኛለህ?

ዘርይሁን፦ ሙከራ ነበር እያልኩዎት! ለእድሩ የሠራሁትን ሲስተም ጠዋት አሻሻልኩት። መልእክቱ ወደ እኔ ስልክ ብቻ መምጣት ነበረበት፤ ቁልፏን «ለሁሉም» ላይ ረስቻት ነው። የአንዲት ቁልፍ ነገር ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ ጉድጓድም የሚጀመረው በአንዲት አካፋ ነው!

ዘርይሁን፦ ግን ፍጥነቱን ልብ አሉልኝ? ዓይን እስኪርገበገብ አልቆየም! እንዲህ ያለ ሲስተም እንኳን በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በፈረንሳይ አገርም የለ። እኔ ይኼን ከሥራ መልስ፣ ያለ አንድ ረዳት፣ እንዲያው ለሰፈሬ ብዬ በነፃ…

ጋሽ ውብሸት፦ በነፃ ገደልከኝ! እጅ ልንሣህ?

ዘርይሁን፦ እንደሱ አላልኩም።

ጋሽ ውብሸት፦ ደግሞስ ስንት አባል እያለ የኔን ስም ምን አስጠራህ? ምን በድዬህ?

ዘርይሁን፦ ኧረ ክብር ነው! ሙከራ ሁልጊዜ በአንደኛው ስም ነው የሚደረገው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንደኛ ቁጥር አባል እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ውብሸት፦ አንደኛ የሆንኩት እድሩን ስለመሠረትኩ ነው እንጂ አንደኛ ልቀበር አይደለም! ክብሩን ላጫውትህ? ጠዋት ጥርሴን ልታከም ወጣሁ፤ ስልኬ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን! ማን ሞተብን አልኩ። ቆቤን አውልቄ ገባሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አንገታቸውን እንደደፉ «ነፍስ ይማር» አሉኝ። «ይማር» አልኩ። ሰማህ? በራሴ ነፍስ ላይ «ይማር» አልኩ!

ዘርይሁን፦ ህ… ህ…

ጋሽ ውብሸት፦ ትስቃለህ?

ዘርይሁን፦ ሳል ነው፤ የክፍሉ አቧራ። ግን ሰዉ ቤት ውስጥ ሬሳ አለመኖሩን አያይም?

ጋሽ ውብሸት፦ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እንደምኖር ሰፈሩ ያውቃል፤ ማን ይጠየቃል? «ሬሳው ከሆስፒታል እየመጣ ነው» ብሎ አንዱ ፈጠረ፤ ሌላው አጸደቀ። እኔም ሬሳውን ከነሱ ጋር ስጠብቅ ነበር!

ዘርይሁን፦ ኋላስ እንዴት ታወቀ?

ጋሽ ውብሸት፦ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ «ውብሸት ደግ ሰው ነበር፤ ምላሱ ባይኖር» ሲል! «ምላሴ ምን አደረገህ?» አልኩት። ቀና አለ። ሴትዮዋም ቀና አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ አግዳሚው ሥር ነበሩ። ውሃ ረጭተን ነው ያነሣናቸው።

ዘርይሁን፦ የሰዉ ብዛትስ እንዴት ነበር?

ጋሽ ውብሸት፦ ድንኳኑ አልበቃውም።

ዘርይሁን፦ አዩ! አዩ! ማነው ይኼን ሕዝብ ያመጣው? የኔ ሲስተም!

ጋሽ ውብሸት፦ ያመጣው የኔ ሞት ነው! የጠራኸውን ሕዝብ ደግሞ ራስህ በትነው። ማስተባበያ ላክ!

ዘርይሁን፦ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ላንብብልዎት። «ጠዋት ሞታቸው የተነገረው አቶ ውብሸት ሳህሌ በሕይወት መኖራቸው ስለተረጋገጠ፣ እድሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል።»

ጋሽ ውብሸት፦ ምን ይገልጻል?!

ዘርይሁን፦ አይ፣ አይ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ሐረግ እኔ አልጻፍኳትም! ከማንኛውም መልእክት ግርጌ ራሷ ነው የምትገባው። እንዳልረሳ ብዬ ነው እንደዚያ የሠራኋት።

ጋሽ ውብሸት፦ በመኖሬ የሚያዝን ማሽን! ያንተ ሥራ ዱሮስ መቼ ለደግ ሆኖ ያውቃል? የውሃ ፈረቃ የሚናገር ድረ ገጽ ሠራህ፤ «ውሃ መጣ» ሲል ሰፈሩ ባልዲውን ይዞ ቧንቧ ሥር ይሰለፋል፣ ቧንቧው ያፏጫል። በስልክ የሚከፈት የግቢ በር ሠራህ፤ መብራት ሲጠፋ ሚስትህን ከነአስቤዛዋ ደጅ አስቀረሃት።

ዘርይሁን፦ እሱ የመብራቱ እንጂ የበሩ ጥፋት አይደለም። ያ በር እስከ ዛሬ አንድ ሌባ አስገብቶ አያውቅም!

ጋሽ ውብሸት፦ ሚስትህንስ መቼ አስገባ?

ዘርይሁን፦ ጋሽ ውብሸት፣ እንግዲህ ሥራዬን አይናቁብኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ጡሩምባ ነፊያችን ነፍሱን ይማረውና፣ ደጅ ድረስ መጥቶ ቤተሰብ ሳይጠይቅ ጡሩምባውን ወደ አፉ አያስጠጋም ነበር። «ማን አረፈ? መቼ? የት ይቀበራል?» ብሎ ነው። ያንተው ማሽን ግን ሳይጠይቅ ይነፋል፤ እንደ ባለቤቱ።

ዘርይሁን፦ ጡሩምባ? ጡሩምባ ከዚህ የሰፈሩን ድልድይ ይሻገራል? ቱሉ ዲምቱ ይሰማል?

ጋሽ ውብሸት፦ … ቱሉ ዲምቱም ሄዷል?

ዘርይሁን፦ ቱሉ ዲምቱ? ከዚያም ወዲያ! ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከሰፈር የወጡ አባላት፣ ጀሞ ይበሉ፣ ቱሉ ዲምቱ ይበሉ፣ የትም ይግቡ የት አንድ የቀረ የለም። ይኸው ራሱ ይናገራል፤ «መቶ በመቶ ደርሷል»! ብፈልግ ለሙታንም አደርሳለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ አንድ የቀረ የለም።

ዘርይሁን፦ አንድ!

ጋሽ ውብሸት፦ አጥናፉ እኮ እዚያ ነው ያለው።

ዘርይሁን፦ ወንድምዎ? እንግዲያማ እሱ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሰማው! አየሩ እዚያ ገላጣ ስለሆነ የኔ መልእክት እየጋለበ ነው የሚገባው።

ጋሽ ውብሸት፦ በሦስት ሰዓት።

ዘርይሁን፦ በሦስት ሰዓት፣ ሳይዛነፍ።

ጋሽ ውብሸት፦ አሁን ስድስት ሊሆን ነው። በታክሲ ይቅር፣ በእግሩ ቢነሣ እንኳ መንገዱን አጋምሶት ነበር። እኔ ሰዉ ካወቀኝ በኋላ ከድንኳኑ ለምን ቶሎ እንዳልወጣሁ ታውቃለህ? በር በሩን እያየሁ ነው። በል ተወው።

ዘርይሁን፦ ምኑን?

ጋሽ ውብሸት፦ አታንሣኝ። እንደሞትኩ ልቆይ።

ዘርይሁን፦ ኧረ ቀብርዎ ዘጠኝ ሰዓት ነው!

ጋሽ ውብሸት፦ ይልቅ ሌላ ነገር ጻፍልኝ። የእውነት የሞትኩ ቀን መርዶ የማይነገረው ሰው አለ፤ እዚያ ማሽንህ ውስጥ አግባው። አጥናፉ ሳህሌ። ሬሳዬን እንዳያነሣ፣ ደጄን እንዳይረግጥ፣ አንድ እፍኝ አፈር እንዳያለብሰኝ!

ዘርይሁን፦ ጋሽ ውብሸት፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ አንተ ደግሞ ትልቅ ነገር ትወድ የለ? ጻፍ!

ዘርይሁን፦ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ወንድምነት በቁልፍ አይሰረዝም።

ጋሽ ውብሸት፦ እሱስ በእጁ ሰርዞት የለ? ለእድሩ ዳኝነት ስወዳደር፣ በጉባኤ መሐል፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ለሌላ ሰው እጁን አወጣ! ወንድሜ! ዋጥኩት።

ዘርይሁን፦ መቼ ዋጡት? ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገሩትም።

ጋሽ ውብሸት፦ ታናሽ ነው፤ እሱ ይቅደም ብዬ ነው!

ዘርይሁን፦ እሱ ደግሞ ታላቅ ነው፣ እሱ ይጥራኝ ብሎ ይሆናል።

ጋሽ ውብሸት፦ ሊጠራ የሚፈልግ ሰው ስልኩን ይቀይራል? የኔ ስም እንዳይመጣበት ቁጥሩን ለወጠ፤ አዲሱን ለእድሩ ጸሐፊ ሲሰጥ ለኔ ነፈገኝ። ይሁን። ግን ሞት! ለጠላት ለቅሶ እንኳ ይደረሳል! ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? አህያ አመዷን አትረሳም፤ እሱ ረሳኝ። ጻፍ ነው የምልህ!

ዘርይሁን፦ እሺ፣ እሺ፣ ከዘራውን ያውርዱት። ይኸው፦ አጥናፉ ሳህሌ። ስልኩስ?

ጋሽ ውብሸት፦ እኔ የት አውቄው! በሰባት ይጀምራል ነው የሚሉት።

ዘርይሁን፦ በምን?

ጋሽ ውብሸት፦ በዜሮ ሰባት። ይኼ በቅርቡ የመጣው የስልክ ድርጅት።

ዘርይሁን፦ ዜሮ… ሰባት…

ጋሽ ውብሸት፦ ምነው? አንተም ሞትክ?

ዘርይሁን፦ ትንሽ… ትንሽ ይጠብቁኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ፊትህ ሊጥ መሰለ።

ዘርይሁን፦ ኮምፒውተሩ ሞቆ ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ ኮምፒውተሩ ሲሞቅ ያንተ ፊት ይነጣል?

ዘርይሁን፦ ጋሽ ውብሸት፣ አንድ ነገር ብነግርዎ ከዚህ ክፍል አይወጣም?

ጋሽ ውብሸት፦ የሞተ ሰው ለማን ያወራል? ተናገር!

ዘርይሁን፦ እኔ ይኼን ሲስተም ስጽፍ የአገሩ ስልክ በሙሉ በዜሮ ዘጠኝ ይጀምር ነበር። ሌላ ቁጥር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ስለዚህ በዘጠኝ ያልጀመረ ስልክ ሲያይ «የተሳሳተ ነው» ብሎ እንዲጥለው አዘዝኩት።

ጋሽ ውብሸት፦ ይጥለዋል ማለት?

ዘርይሁን፦ አይልክለትም። ለኔም አይነግረኝም። መቶ በመቶ የሚለው… የጣላቸውን ጥሎ ከቀሩት ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ አጥናፉ…

ዘርይሁን፦ አልደረሰውም። ይኸው ቁጥሩን አገኘሁት፤ እንደተጣለ ነው። ወንድምዎ መሞትዎን አያውቅም።

ጋሽ ውብሸት፦ ሰው አልነገረውም?

ዘርይሁን፦ ማን ይነግረዋል? መልእክቱ ለሁሉ ይደርሳል ብዬ በየጉባኤው ስምል ኖሬ፣ አሁን ማን ለማን ይደውላል? እያንዳንዱ ሁሉም ሰምቷል ብሎ ነው ነጠላውን ያነሣው።

ጋሽ ውብሸት፦ አንድ የቀረ የለም አላልክም?!

ዘርይሁን፦ ብያለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ ለሙታንም አደርሳለሁ አላልክም?!

ዘርይሁን፦ አደርሳለሁ፤ በዘጠኝ የሚጀምሩ ከሆነ።

ጋሽ ውብሸት፦ አንተ ጉራህን ስትነፋ እኔ ወንድሜን በአፌ ቀበርኩት! ያለ ጥፋቱ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማህም? እኔንስ ግደለኝ፣ አርጅቻለሁ፤ እሱን አስረገምከኝ! በዚህ ከዘራ ያንን የኮምፒውተርህን መስኮት ነው የማወርደው!

ዘርይሁን፦ እኔን ይምቱኝ፤ ኮምፒውተሩ ዕቁብ ገብቼ የገዛሁት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን እንዲያው ቀላል ስሕተት እንዳትመስልዎት፤ እንዲህ ያለች ረቂቅ ስሕተት በአፍሪካ ደረጃ…

ጋሽ ውብሸት፦ ዝም በል!

ዘርይሁን፦ ዝም ብያለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ አስተካክለው!

ዘርይሁን፦ እያስተካከልኩ ነው… ይኸው። ከአሁን ወዲያ ሰባትንም ይቀበላል። ያንን «መርዶ አይነገረው» ያሉትንም ደምስሼዋለሁ፤ አልተጻፈም፣ አልሰማሁም። ማስተባበያውን ለሰፈሩ ልልቀቀው?

ጋሽ ውብሸት፦ ልቀቀው። … ቆይ! ለአጥናፉስ?

ዘርይሁን፦ ለሰፈሩ ተለቋል፤ ለሱ ግን ምኑ ይስተባበላል? መርዶውን አልሰማ።

ጋሽ ውብሸት፦ እንግዲያው ላክለት።

ዘርይሁን፦ ምኑን?

ጋሽ ውብሸት፦ መርዶዬን።

ዘርይሁን፦ ጋሽ ውብሸት! እኔ በቁሙ ያለ ሰው መርዶ አልልክም!

ጋሽ ውብሸት፦ ጠዋት ምን ልከህ ነበር ታዲያ?

ዘርይሁን፦ እሱ በስሕተት ነዋ!

ጋሽ ውብሸት፦ ይኼኛውን አውቀህ ላክ!

ዘርይሁን፦ ቢደነግጥስ? መንገድ ላይ ቢወድቅስ? በቀን አንድ ሰው ይበቃኛል፤ ሁለተኛ አልገድልም! ይደውሉለት። ቁጥሩ ይኸው ፊቴ ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ ደውዬ ምን ልለው? «እጅህን ስላወጣህብኝ ተቀይሜህ ነበር» ልበለው? በዚህ ሽበቴ? እኔ ታላቁ?

ዘርይሁን፦ የሞተ ሰው ምን ኩራት አለው? እኔ እንኳ፣ እኔ ዘርይሁን፣ ዛሬ ተሳስቻለሁ ብያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ተአምር ይጠብቃሉ?

ጋሽ ውብሸት፦ ያቺ ቁልፍህ አሁን የት ላይ ናት?

ዘርይሁን፦ «ለአንድ ሰው» ላይ። ራስዎ ይዩአት።

ጋሽ ውብሸት፦ ያቺ ራሷ የምትገባው ሐዘንስ?

ዘርይሁን፦ ማስተባበያውን ሳልለቅ በፊት ነቅያታለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ እንግዲያው እንደምነግርህ ጻፍ፤ ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። «አጥናፉ፣ ወንድምህ ውብሸት ዛሬ ጠዋት ሞቶ ነበር፤ ተነሥቷል። ድንኳኑ ግን ገና አልፈረሰም፤ ና።»