ሳይለይ የተከመረ መልእክት

ሰፈሩ ሁሉ «ዎፋ»፣ አጎት፣ እያለ የሚጠራቸው ጡረተኛው ኤቦ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ቢወጡም የሚሄዱበት ለቅሶ ቤት አልነበራቸውም። በጋናዋ ኬፕ ኮስት ገበያ ጫፍ፣ ታክሲ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ያያሉ። በሴቶች ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምረው የጎረቤታቸው ልጅ ኤኩዋ ቲማቲም ገዝታ ስትመለስ አየቻቸው።

«ዎፋ፣ ማን ሞተ?»

«ኤመሪክ፣ የፍሪታውኑ ጓደኛዬ። ከተቀበረ ሳምንታት አልፈዋል። ዛሬ ጠዋት የሴት ልጁን ኢሜይል ሳገኝ ነው የሰማሁት።»

«እስከ ዛሬ ሳይነግሩዎት?»

«መታመሙንማ ራሱ ጽፎልኝ ነበር! ቀዶ ሕክምና ልገባ ነው፣ አንድ ቃል ጻፍልኝ ብሎኛል። ኢሜይሉ ከጫማ ማስታወቂያና ‹ሎተሪ ደረሰህ› ከሚል ሌባ ሥር ተቀብሮ ቀረ፤ ያየሁትም ዛሬ ነው።»

ኤኩዋ ቅርጫቷን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ዓምና ኮምፒውተሩ ኢሜይልዎን ራሱ እንዲለይ ላስተካክልልዎት ለምኜዎት ነበር።»

«እኔም እንቢ ብያለሁ። አሁንም እንቢ ነው! ማሽን በሬ ላይ ቆሞ አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ እንዲል አልፈቅድም። ርእሰ መምህር ሳለሁ የአንድም ወላጅ ደብዳቤ ሳላነብ አልጣልኩም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ዎፋ፣ ሌባውንና ኤመሪክን አንድ ወረፋ ላይ ማሰለፍ አክብሮቱ ለማን ነው?»

ሰው በያዘው ልማድ ሲጎዳ ልማዱን ይበልጥ ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ዎፋ ኤቦም ሌላ መከራከሪያ ፈለጉ።

«ቢሳሳትስ? የሰው መልእክት ቆሻሻ ነው ብሎ ቢጥልብኝ?»

«ይሳሳታል። ስለዚህ እንዲለይ እንጂ እንዲጥል አናዘውም። የሚያውቋቸው ሰዎች በየስማቸው አቃፊ ይገባሉ፤ የጡረተኞች ማኅበሩ ወሬ ለብቻው፤ አጠራጣሪው ለብቻው። አጠራጣሪውን ቅዳሜ ቅዳሜ ራስዎ ያዩታል። ሲሳሳት ያርሙታል፣ ከእርማትዎም ይማራል። የመለያው ደንብ ቤትዎ ባለው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ ነው፤ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

«ተማሪ ነው በይኛ!»

«ደደብ ተማሪ። የነገሩትን ግን አይረሳም።»

ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ተነሥተው «ነይ» አሏት።

ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን እንደከፈተች የመጀመሪያው ደንብ ለኤመሪክ እንዲሆን አዘዟት።

«ዎፋ፣ እሳቸው እኮ ከእንግዲህ…»

«አውቃለሁ። ጻፊው።»

ጻፈችው፤ በተከማቸው አሮጌ መልእክት ላይም አስኬደችው። የዓመታት ወዳጅነት ባንድ አቃፊ ተሰበሰበ። ጠዋት ካገኙት የቀዶ ሕክምናው መልእክት ሌላ፣ ያልተከፈቱ ሦስት ወጡ። በአንዱ ኤመሪክ «ዝም አልከኝ። አስቀይሜህ ይሆን?» ይላል።

ዎፋ ኤቦ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና መልሰው አጠለቁ።

«የቀሩት ደንቦች እንዴት እንደሚጻፉ አሳዪኝ» አሏት። «በራሴ እጅ ልጻፋቸው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የሚጠብቃቸው ሰው እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። ቀድሞ ግማሽ ቀን ይበላ የነበረው ንባብ ከቁርስ በፊት ያልቃል። የታመመ ወዳጅ ወረፋ አይጠብቅም። አንድ ቅዳሜ የድሮ ተማሪያቸውን መልእክት ከአጠራጣሪው መካከል አግኝተው አውጥተዋል፤ ማሽኑንም አርመውታል። ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ሲያመነቱ «እኔን አይታችሁ ተማሩ» ይሏቸዋል፤ ምክንያቱን ግን አይነግሯቸውም።

የኤመሪክ ልጅ ስትጽፍላቸው በዚያው ዕለት ይመልሱላታል። አባቷ ለጠየቃቸው ጥያቄ ግን መልሱን የሚልኩበት የለም።