የየሺ መርከብ እየነደደች ነበር

የምስክር ስም፦ አሲያ ይማም ሰይድ
ዕድሜ፦ 27
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት (መጀመሪያ “ሲሪላንካዊት” ተብሎ የተጻፈው በምስክሯ ተቃውሞ ተሰርዟል)
የትውልድ ቦታ፦ ወሎ፣ ሐርቡ
ሥራ፦ በየቤቱ ጽዳት፤ እሁድ እሁድ ተዋጊ አብራሪ (ሁለተኛው በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ)
አድራሻ፦ ጅዴይዴ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ክፍል
ቀን፦ ሰኞ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1991 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኦገስት 9 ቀን 1999)
ቃል ተቀባይ፦ ሻዊሽ (ሃምሳ አለቃ) ሚላድ፣ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ስለሺ ተገኘ፣ በኦዛይ የመኪና ቀለም ቀቢ
ማስታወሻ፦ ምስክሯ “በማላነበው ፊደል ላይ አልፈርምም” ስላሉ ቃላቸው ከዐረብኛው ሌላ በአማርኛም ተጽፏል።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሻዊሽ ሚላድ “የጠራሽ የለም፤ ምን ልትሠሪ መጣሽ?” ብሎ ሲጠይቀኝ፣ “ኤሊን ያሰራችሁት እኔ በሠራሁት ሥራ ነው፤ ሥራዬን ደግሞ ለሌላ ሰው አልሰጥም” ብዬ መልሻለሁ።

ኤሊ ማለት በጅዴይዴ፣ ከሳሽ ማዳም ኦዴት በሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ የስልክ ቤት ያለው ሰው ነው። ሰንትራል እንለዋለን። እሁድ ዕረፍት ያለን ሁሉ ወደ አገር ቤት ለመደወል እዚያ እንሰበሰባለን። የአገራችን መስመር ደግሞ በጠሩት ጊዜ የሚመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ትንሽ ይሻላል። ደሴን ግን ጠዋት ጠይቀሽ ከምሳ በፊት ካገኘሽ አልሐምዱሊላህ ነው። ኤሊ ስንጠብቅ አይቶ አዘነልንና ለሰፈሩ ልጆች ብሎ የገዛቸውን ሁለት ኮምፒውተሮች “መስመር እስኪገባ ተጫወቱ” ብሎ ለቀቀልን። የጅዴይዴ አየር ኃይል የተቋቋመው እንዲህ ነው። ከሁሉ በላይ የሚበሩት መስመራቸው የሚዘገይባቸው ናቸው። አዲስ አበባ የሚደውሉት ገና ከመሬት ሳይነሡ ስልካቸው ይገባል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ሲነሡ ይጋጫሉ። እኔ የሐርቡ ነኝ። ጓደኛዬ የሺ ቢረሳው የሞጣ ናት። ከሁለታችን በላይ የጠበቀ ስለሌለ ከሁለታችን በላይ የሚበርም የለም።

ጨዋታው ስለ ምን እንደሆነ እንድገልጽ በሻዊሹ ተጠይቄያለሁ። ኤሊ እንደተረጎመልን ታሪኩ ያልሆነ ታሪክ ነው። ያኒ ከመጀመሪያው ታላቅ ጦርነት በኋላ ነገሩ ሌላ መንገድ ቢይዝ ኖሮ የሚል ነው። መንግሥታት ፈርሰው እያንዳንዱ ሰፈር አገር ሆኗል፤ የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ታጣቂ፣ የራሱ ኬላ አለው። በምድር ማለፍ ስለማይቻል ዕቃ የሚጓዘው በአየር መርከብ ነው። የአየር መርከብ ማለት አንድ ሕንፃ የሚያህል፣ በጋዝ የተነፋ፣ ረጅም ፊኛ ነው። ነጋዴ ይጭናል፤ ወንበዴ በትንሽ አውሮፕላን መጥቶ ይዘርፋል። እኔ ወንበዴ ነኝ። እዚህ ላይ ሻዊሹ ብዕሩን አስቀምጦ፣ “ሰፈሩ ሁሉ አገር፣ በየመንገዱ ኬላ፤ ታዲያ ያልሆነው የቱ ነው?” አለ። “ፊኛው” አልኩት።

ስለ ድምፅ ማጉያው የማውቀው ይህ ነው። ማጉያው የኤሊ ነው፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ግን ሰው ለማሸበር አይደለም። እሁድ ሰው ስለሚበዛ ግማሹ ደረጃው ላይ፣ ግማሹ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። መስመር ሲገባ ኤሊ በማጉያው “ያላ አሲያ፣ ደሴ! ካቢን ሁለት!” እያለ ይጣራል። ትናንት እሁድ በእኔና በየሺ መካከል የክረምቱ የመጨረሻ ግጥሚያ ነበር። ውጭ የቀሩት “ማየት ካልቻልን እንኳ እንስማ፣ እኛ ምን በደልን?” ብለው ጮኹ። ኤሊም የኮምፒውተሩን ገመድ አምጥቶ ማጉያው ላይ ሰካው። የሰካው እሱ ነው። “ጨምረው!” ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም አውሮፕላኔ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ያምራል።

ረፋድ ላይ ጀመርን። እኔ በአንዱ ኮምፒውተር፣ የሺ በሌላው። የጨዋታው ሕግ የሌላዋን የአየር መርከብ የጣለች አሸነፈች ነው። የሺ በጀማይዜ ምግብ ቤት ሳህን የምታጥብ ሴት ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። ገና ሞተር ሳናስነሣ “አሲያዬ፣ ለእናትሽ የምትነግሪው ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ስልኩን እኔ አነሣልሻለሁ” አለችኝ። “አንቺ መጀመሪያ ከዛፉ በላይ ተነሺ” አልኳት። ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ መጣችና ክንፌን በሳችው። በጨዋታው ውስጥ ባለ ከተማ ላይ፣ በሕንፃዎቹ መሀል፣ የዶራ ሰርቪስ ታክሲ ሹፌር ፍሬን ሳይነካ እንደሚታጠፈው ታጥፌ አመለጥኳት። ቀጥዬ ከድልድዩ ሥር ገባሁ። ተከተለችኝ። ከድልድይ ሥር መግባት ቀላል ነው፤ መውጣት ነው ችሎታ የሚጠይቀው። የሺ ከምሰሶው ጋር ሰላም ተባብላ እዚያው ቀረች። ደረጃው ላይ ያሉት እልል አሉ። ጨዋታው አዲስ አውሮፕላን እስኪሰጣት ድረስ እኔ ወደ መርከቧ ዞርኩ።

እኛ ይህን ስናደርግ ከላያችን ያለው ሕንፃ ምን እያደረገ እንደነበር አላወቅንም። ሰኔ ላይ የመብራት ጣቢያው በአየር ከተመታ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ጆሮ እንደቆመ ነው። ማዳም ኦዴት ሶስተኛ ፎቅ ለእሁድ ምሳ ቤተ ዘመድ ሰብስበው ነበር። አውሮፕላኑን፣ መትረየሱን፣ ፍንዳታውን ሲሰሙ “ወደ መልጀእ!” ብለው ትእዛዝ ሰጡ፤ መልጀእ የሕንፃው የምድር ቤት መሸሸጊያ ነው። ሕንፃው በሙሉ ልጁን፣ ራዲዮኑንና የምሳውን ትሪ ይዞ ወረደ። አንዱ ትሪ ዘንበል ብሎ በሩዝና በሥጋ የተሞላው ኩሳ፣ ማለትም ዝኩኒው፣ ደረጃው ላይ ተበተነ፤ ማዳም ኦዴትም አንዱን ረግጠው ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። ለዚህ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ለኩሳውም አዝኛለሁ። ሆኖም በክስ ቃላቸው ላይ “ሁለት አውሮፕላን፣ ዝቅ ብለው የሚበሩ፣ አንደኛው አብራሪ እጅግ የሠለጠነ” ማለታቸውን ሻዊሹ አንብቦልኛል። ማዳም ኦዴት የጦርነቱን ዘመን በሙሉ በዚያ ሕንፃ ያሳለፉ፣ የአውሮፕላን ዓይነት በጆሮ የሚለዩ ሴት ናቸው። እሳቸው ሠለጠነ ያሉት አብራሪ እኔ ነኝ። ምስክርነታቸውን በክብር ተቀብያለሁ።

በዚሁ ክስ ላይ አንድ አዛዥ በማጉያ ምስጢራዊ ትእዛዝ ሲሰጥ ተሰምቷል ተብሏል። ትእዛዙ “ያላ አሲያ፣ ደሴ! ካቢን ሁለት!” የሚለው ነው። ይህ የእናቴ ስልክ ነው። እናቴ ከሐርቡ ደሴ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ የምትጠብቀው ስልክ ስለሆነ አላሳልፈውም። ግን በዚያች ደቂቃ የየሺን መርከብ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ አቀጣጥያታለሁ፤ ፊቷ ወደ ታች ተደፍቶ ወደ ባሕሩ እየሄደች ነው። “ኤሊ፣ አንዴ ያዝልኝ!” አልኩ። ይህን እንዳልኩ የመንግሥት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ጠቆረ። ስልኩ ግን አልጠፋም፤ ሮጬ ካቢን ሁለት ገባሁና “እማዬ፣ ጣልኳት!” አልኩ። እናቴም “ማንን ልጄ? ማዳምሽን?” አለች። አስረድቻታለሁ።

ከካቢኑ ስወጣ የሺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ “መሬት ሳይነካ ወደቀ አይባልም፤ ግጥሚያው ፈርሷል” እያለች ነበር። ክርክሩን ሳንጨርስ ፖሊሶች በፊት በር መጡ። ከእኛ ውስጥ የመኖሪያ ወረቀት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። የእኔ ኢቃማም ፓስፖርቴም ትቻት በወጣሁት በማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል። ኤሊ በጀርባ በር አስወጣንና ለፖሊሶቹ “ማንም አልነበረም፤ ብቻዬን ስጫወት ነበር” አለ። እሱን ወሰዱት። ሁለቱን ኮምፒውተሮችና ማጉያውን ወሰዱ። ስልክ ቤቱን አሸጉት።

ሌሊቱን ክፍላችን ውስጥ ስንወያይ የሺ “አብደሻል? ሰው በገዛ እግሩ እስር ቤት ይሄዳል?” አለችኝ። እኔም ኤሊ ስለ እኛ ብሎ ታስሮ ዝም ማለት እንደማይሆን ተናገርኩ። ሌላም ነገር አለ፤ አልደብቅም። ኤሊ ሲነሣ ዛፍ የሚመታ ሰው ነው። ያንን መርከብ ኤሊ አነደደው ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ሲጻፍ መቻል አልችልም። ጠዋት ስነሣ የሺ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለኤሊ ብላ እንደመጣች ትናገራለች። እኔ ግን መርከቧ አልወደቀችም ለማለት ጭምር እንደመጣች አውቃለሁ።

ሻዊሽ ሚላድ መጀመሪያ አላመነኝም። ክፉ ሰው አይደለም፤ “ስታጸጂ ነበርሽ ብዬ ልጻፍልሽና ወደ ቤትሽ ሂጂ” አለኝ። “እሁድ አላጸዳም” አልኩት። “እንግዲያው አሳዪኝ” አለ። በማስረጃነት የተያዙት ኮምፒውተሮች ጠረጴዛው ላይ ተተከሉ። ማስረጃው እንዳይጎድል ብሎ ማጉያውንም ሻዊሹ በገዛ እጁ ሰካ። አንዱ ጋ እሱ፣ አንዱ ጋ እኔ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ሙከራ ዛፍ መታ። በሁለተኛውም ዛፍ መታ። በሦስተኛው ተነሣ፤ እንግዳ ስለሆነ ሰማዩን ትንሽ አየት እንዲያደርግ ፈቀድኩለት። ከዚያ ከደመና ወርጄ መትረየሴን ለቀቅኩ። “ያ አድራ!” ብሎ ድንግልን እየጠራ ጮኸ። ከጀርባዬ የሺ “ግራ፣ ሻዊሽ፣ ግራ! ከኋላህ ናት!” እያለች ትመክረው ነበር፤ ይህም ይመዝገብልኝ። ምክሯ አላዳነውም፤ ወደቀ።

ወዲያው ከላይ ፎቅ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። በር ተበረገደ። የጣቢያው አዛዥ ነቂቡ፣ አንድ ጫማ አድርገው፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው፣ “ሁሉም ወደ መልጀእ!” እያሉ በደረጃው ወረዱ። ጸሐፊያቸው ተከተላቸው፤ ዘበኛውም ተከተለ። ማጉያው ጸጥ ሲል ከምድር ቤት ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሻዊሹ እጁን ከመጫወቻው ዘንግ ላይ አንሥቶ፣ “ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ማስረጃ እየመረመርን ነው” አለ። ማንም አልሳቀም። ከእስር ክፍሉ ኤሊ ብቻ ሳቀ።

እኔም በአስተርጓሚው በኩል ለነቂቡ ይህን አመለከትኩ፦ ይህን ድምፅ ያሰማ ሰው የሚታሰር ከሆነ ሻዊሽ ሚላድም ከኤሊ ጎን ይግባ፤ የማይታሰር ከሆነ ኤሊ ይውጣ። ነቂቡ ሻዊሹን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ጫማቸውን አጠለቁ። ከዚያ “ኸላስ፣ በቃ” አሉ። ኤሊ እንዲፈታ፣ ማሸጊያው እንዲነሣ፣ ማጉያው ከእንግዲህ ለስም መጥሪያ ብቻ እንዲሆን፣ ኤሊም ለማዳም ኦዴት አንድ ትሪ ኩሳ ይዞ ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዙ።

ሻዊሹ የዐረብኛውን ቅጽ ሊዘጋ ሲል ብዕሩ “የኢቃማ ቁጥር” የሚለው ባዶ መስመር ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ነቂቡም የእሳቸው ሩጫ የሚጻፍበትን መስመር በጣታቸው እያሳዩ “ይህ የግድ ነው?” አሉ። እኔ “ያ የኢቃማው መስመር ባዶ ከቀረ ይህኛውም ባዶ ይቀራል” አልኩ። ነቂቡ ብዕሩን ከሻዊሹ ተቀብለው ሁለቱንም ራሳቸው ዘለሏቸው። ስለዚህ በዐረብኛው ጽሑፍ የነቂቡ ጫማ የለም፤ የእኔም ኢቃማ አልተጠየቀም። በጣቢያው ማንም በማያነበው በዚህኛው ላይ ግን ሁሉም እንዳለ ተጽፏል።

ይህ ቃል ተነቦልኛል። ከአፌ ያልወጣ አልተጨመረበትም፤ ከአፌ የወጣም አልጎደለበትም። በአላህ ስም እውነት ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አሲያ ይማም

የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ስለሺ ተገኘ

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሻዊሽ ሚላድ (ሦስት ጊዜ መውደቁ በምስክሯ ጥያቄ እዚህ ላይ ተጠቅሷል)

የታዛቢ ፊርማ፦ የሺ ቢረሳው፤ ስለ ኤሊ፣ ስለ ማጉያውና ስለ ጫማው የተባለው ሁሉ እውነት ነው። መርከቤ ግን መሬት ስላልነካች አልወደቀችም። ትነድ እንደነበር አልክድም።