ባገኝም ባጣም

እዚህ አሜሪካ አብሮኝ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የሚሠራ ሚን የሚባል ቬትናማዊ አለ፤ ቡድሂስት ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ስታገኝ አትፈንጥዝ፣ ስታጣ አትንደድ» አለኝ። እኔም ሳንድዊቼን ሳልጨርስ መነኮስኩ! ሳምንቱን ሙሉ ጋርላንድ ከተማ ያለውን ቤታችንን በስብከት አስጨነቅኩት። ሚስቴ የመኪና ቁልፏ ጠፍቶባት ስትተራመስ፣ በማፈላለግ ፈንታ «ቢገኝም ባይገኝም አንድ ነው» አልኳት።

ሶ፣ ትናንት ማናጀሩ ጠርቶ «የሺፍቱ ሊድ ላደርግህ አስቤያለሁ፤ ትፈልጋለህ?» አይለኝም! ካርቶን ከመሸከም የሚገላግለኝ፣ ሁለት ዓመት የተመኘሁት የፈረቃ አለቃነት ቦታ ነው። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን ድንጋይ አስመስዬ «ለእኔ ባገኝም ባጣም አንድ ነው» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደ አገራችን «በሞቴ!» ብሎ እስኪለምነኝ እየጠበቅኩ ነበር። አሜሪካዊ በሞቴን ከየት ያውቃታል? «ኦኬ» ብሎኝ ቀጥታ ሚን ጋ ሄደ። ሚን «በጣም እፈልጋለሁ፤ አመሰግናለሁ» አለውና ካርቶኑን ማሸጉን ቀጠለ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ! ማግኘትም ማጣትም አንድ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

«ነኝ» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ግን ሲጠይቁህ ዋሽ አላልኩህም።»

ማታ ቤት ገብቼ በሩን ድርግም አድርጌ ስዘጋው ሚስቴ ደንግጣ ብድግ አለች።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ባገኝም ባጣም ለእኔ አንድ ነው።»

«ታዲያ በሩ ምን አደረገህ?»